ከጨርቁ በታች ያለው ወንበር

በጉለሌ ሰፈሮች፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ቆራሌው እየተጣራ ሲያልፍ አንድ አሮጌ ወንበር ከቤት ከወጣ በሩ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ገዢው «ተቀዷል፣ ቀለሙ ለቋል፣ ስፖንጁም ሞቷል» ይላል። ባለቤቷ «ቢታጠብ እኮ አዲስ ነው» ትላለች። ስለ እግሩ፣ ስለ መጋጠሚያው፣ ስለ እንጨቱ ዓይነት የሚያነሣ ብዙ አይገኝም። ዋጋውም በዚያው ይቆረጣል። ጨርቁ የነተበ የዋንዛ ወንበር ለልዋጭ ቀርቦ በፕላስቲክ ዕቃ ሊለወጥ ይችላል፤ ጨርቁ ያላረጀ የቺፑድ ወንበር ግን ደህና ብር ያወጣል። ይህ ዋጋ አቆራረጥ የተገለበጠ ነው። ቶሎ የሚያልቀውና በቀላሉ የሚተካው ክፍል ዋጋ ይወስናል፤ ረጅም ዕድሜ ያለውና ለመተካት የሚያስቸግረው ክፍል ከቁጥር አይገባም። አሮጌ ወንበር ገዝቶ በቤት ማደስ የሚያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለጨርቁ እርጅና በተቀነሰ ዋጋ ሲሆን የሚያገኘው ግን እንጨቱን ነው።

በጨርቅ የተለበጠ ወንበር አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ዕድሜያቸው የማይመጣጠን አራት ነገሮች የተደራረቡበት ነው። ከሥር የእንጨቱ አጽም አለ። በአጽሙ ላይ የተቀማጩን ክብደት የሚሸከም ውጥር አለ፤ ሞላ ወይም የጎማ ጥብጣብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስፖንጁ፣ ከሁሉ በላይ ጨርቁ ይመጣል። ጨርቁና ስፖንጁ የሚያልቁት የግድ ጉድለት ኖሮባቸው አይደለም። ፍትጊያውን፣ ላቡን፣ የፈሰሰውን ሻይ እነሱ እየተቀበሉ እንጨቱን ስለሚያተርፉት ነው። ይህን አሠራር አገራችን ከጠፍር አልጋ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጥሬ የከብት ቆዳ በቀጭኑ ይተለተላል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ በአልጋው አግዳሚዎች መካከል ይጠለፋል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይወጠራል። ዓመታት አልፈው ጠፍሩ ሲረግብ አልጋው አይጣልም፤ ጠፍሩ ይጠበቃል፣ የተበጠሰውም በሌላ ይተካል። በአንጻሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚፈታም የሚታደስም ነገር የለውም። ሁለቱም ትልቅ ብልሃት ናቸው፤ ለማደስ የሚመቸው ግን የጠፍር አልጋው ነው።

ታዲያ የገዢ ዓይን ከአጽሙ ላይ የተነሣው እንዴት ነው? በአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሽቦ ሞላ በወንበር ውስጥ ሲገባ መቀመጫው ወፈረ፤ እንጨቱም በፈረስ ፀጉርና በጨርቅ ተሸፈነ። ያም ሆኖ ሞላውን በገመድ ማሰር፣ ፀጉሩን ማነባበርና መስፋት የሠለጠነ እጅና ብዙ ቀን ይፈልግ ስለነበር እንዲህ ያለ ልፋት በደካማ አጽም ላይ ማፍሰስ ለማንም አያዋጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ቁስ ፈጠሩ፤ በ1950ዎቹም ከእሱ የሚሠራው ለስላሳ ስፖንጅ በገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የቀናት ሥራ በአንድ የተቆረጠ ስፖንጅና በጥቂት ኮላ ተተካ። ርካሽ ሶፋ ለብዙ ሰው ስለደረሰ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ስፖንጅ ማንኛውንም አጽም ያሳምራል። በሁለት ሚስማር የተያያዘ እንጨትና በጥንቃቄ የተጋጠመ እንጨት በሽያጩ ቀን አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከሁለት ወይም ከሦስት ክረምት በኋላ፣ ክንዱ መወዛወዝ ሲጀምር ነው። አጽሙን ያልደበቀ ወንበር ለማየት የሚሻ ሰው የኦስትሪያውን የቶኔት ኩባንያ 14 ቁጥር ወንበር ያስብ። በ1859 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ወንበር ስድስት እንጨት፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነው፤ መላ አካሉ በግልጽ ስለሚታይ ገዢውን ማታለል አይችልም።

እንግዲህ አሮጌ ወንበር ሊገዛ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ወንበሩን መገልበጥ ነው። ከሥሩ የተመታውን ስስ ጨርቅ በአንድ ጥግ በፒንሳ ገለጥ ቢያደርገው ውስጡ ይታያል። «ከባድ ወንበር ጠንካራ ነው» የሚለው የተለመደ እምነት እዚህ ላይ ያሳስታል። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ዋንዛ ብዙውን ጊዜ ከ500 ኪሎ በታች ይመዝናል፤ ቺፑድ ደግሞ ከ600 ኪሎ ያልፋል። ታዲያ ከባዱ ቺፑድ ብሎን አንዴ ከላላበት ዳግም አጥብቆ አይይዝም፤ ወለል በተወለወለ ቁጥር ከእግሩ በኩል ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፣ ጠርዙም እየተፈረፈረ ይረግፋል። እንዲህ ያለው አጽም ላይ ጨርቅ መቀየር ከንቱ ድካም ስለሆነ እዚያው መተው ይሻላል። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 እነዚህን አራት የአገር በቀል ዛፎች ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት የደን ሕጎችም ለመጥፋት የተቃረቡ ዛፎችን መጠበቃቸውን ቀጥለዋል። ዋንዛ በገበሬ ማሳና በቡና ጥላነት ስለሚበቅል ከገበያ አልጠፋም፤ ሆኖም የአሮጌ ወንበር ወፍራም እግርና አግዳሚ ዛሬ ከጣውላ መሸጫ በቀላሉ የሚነሣ ዕቃ አይደለም።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ማገር ሲያገለግል ኖሯል፤ ብዙ አናጢ ቤትም የማይታየውን የሶፋ አጽም ይሠራበታል። ጠንካራነቱን የሚክድ የለም። ችግሩ ሲደርቅ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይተፋል። ለአሮጌ ወንበር ጥብቅና የሚቆመው ጠንካራው ማስረጃ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሃያ ክረምትና ሃያ በጋ ያሳለፈ የባሕር ዛፍ አጽም የሚጣመመው ተጣሟል፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቋል። ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ነገም ቀጥ ብሎ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው። አዲሱ አጽም ግን ይህን ፈተና የሚፈተነው በገዢው ሳሎን ውስጥ ነው። የመጋጠሚያው ምርመራ ቀላል ነው። የመደገፊያውን ጫፍ በአንድ እጅ፣ የፊት እግሩን በሌላ እጅ ይዞ በማዕዘን መግፋት ነው። ቢንቋቋም እንኳ መጋጠሚያው ተከፍቶ፣ አሮጌው ኮላ እስከ እንጨቱ ተፍቆ፣ በአዲስ ኮላ ተጣብቆ፣ በሞርሳ ወይም ተጠምዝዞ በታሰረ ገመድ ተጨምቆ ካደረ ይጠናል። ነጭ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ በደንብ ስለማይዝ መፋቁን መዝለል አይቻልም። በላላ መጋጠሚያ ላይ ሚስማር መምታት ግን እንጨቱን ከመሰንጠቅ በቀር ብዙ አይፈይድም፤ ብዙ ደህና ወንበር የተበላሸው በዚህ «ጥገና» ነው።

ውጥሩ ከረገበ መተካቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ሦስት አራት ጣት የሚሰፋ ጥብጣብ ተስቦ በአጽሙ ላይ ሲመታ፣ አንዱ ባንዱ ሥር እየተሸለኮለከ ሲሸመን፣ ጥሩ መሸከሚያ ይወጣዋል። ይህን የድሃ መላ አድርጎ የሚንቅ ሰው ካለ፣ ጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ ማርኮ ዛኑሶ በ1951 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ ያቀረበው «ሌዲ» የተባለ ዝነኛ ወንበር ሞላውን ትቶ የተቀመጠው በፒሬሊ ኩባንያ የጎማ ጥብጣብ ላይ እንደነበር ይወቅ። ስፖንጁ ላይ ግን መሳሳት ቀላል ነው። ስፖንጅ የሚሸጠው በውፍረት ቢሆንም ዕድሜውን የሚወስነው እፍጋቱ፣ ነጋዴዎች «ዴንሲቲ» የሚሉት ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ለመቀመጫ ከ30 አካባቢ በታች መውረድ አያዋጣም፤ ለመደገፊያ ከ20 በላይ ይበቃል። በጣት ተጭኖ መሞከር አይረዳም፤ ምክንያቱም ጥንካሬና እፍጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በፋብሪካ ቀላሉንም ስፖንጅ ደንደን አድርጎ ማውጣት ይቻላል። የማይዋሸው ሚዛን ነው። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነና 10 ሴንቲ የሚወፍር መቀመጫ ስፖንጅ የ30 ዴንሲቲ ከሆነ 750 ግራም ይመዝናል። 400 ግራም ከመዘነ 16 ነው፤ ዓመት ሳይሞላ መሐሉ ይጎደጉዳል። የሽንኩርት ሚዛን ከጎረቤት ሱቅ መዋስ ይህን ያህል ያተርፋል።

ስለ ስፖንጅ ሌላም የሚነገር አለ። ይህ ቁስ እሳት ሲነካው ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም መርዘኛ ነው። በእንግሊዝ ማንቸስተር ከተማ ግንቦት 8 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በአንድ የዉልዎርዝ መደብር ውስጥ የተከመረ የስፖንጅ ሶፋ ተያይዞ አሥር ሰው ሞተ፤ አገሪቱም በ1988 ጥብቅ የቤት ዕቃ የእሳት ደንብ አወጣች። ቡና በከሰል በሚፈላበት ቤት ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ዜና ብቻ አይደለም። ፍም ቢወድቅበት ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ወይም የሱፍ ጨርቅ መጀመሪያ ይከስላል፤ ስስ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ተከፍቶ ስፖንጁን ያጋልጣል። ስለዚህ ከስፖንጁና ከላይኛው ጨርቅ መካከል የሚገባ ወፈር ያለ የጥጥ ገበር ጨርቁ እንዳይንሸራተት ከማድረጉ በላይ ለማምለጫ ጥቂት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። እሳትን ያስቀራል ማለት ግን አይደለም፤ ምድጃውን ከወንበሩ ማራቅ የሚተካው የለም።

ከገበር ወደ ጨርቅ ስንመጣ ሽሮ ሜዳን ማለፍ አይቻልም። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ትውልድ እየተካ በሚሸምኑበት ሰፈር የየቤቱ ሶፋ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፖሊስተር መልበሱ ያስገርማል። ሆኖም ምክንያት አለው። በባህላዊው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ብዙ ያልከረረ ጥጥ ነው። ነጠላና ጋቢን ለሰውነት የሚያሞቅና የሚያለሰልሰው ይኸው ያልከረረ ማግ ነው፤ ለመቀመጫ የማይመቸውም እሱ ነው፤ ሲታሸት ይፈታታል፣ ሲጎተት ድሩ ላይ ይንሸራተታል። የጨርቅ ፋብሪካዎች ማርቲንዴል በተባለ መሣሪያ ጨርቅን እያፋተጉ ይፈትናሉ፤ ለመኖሪያ ቤት መቀመጫ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ፍትጊያ የቻለ ይመረጣል። በገበያችን ይህ ቁጥር ተጽፎ የሚገኝበት ጨርቅ ጥቂት ስለሆነ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፣ በጥፍር መፋቅ፣ በሁለት እጅ በማዕዘን መሳብ ይረዳል፤ ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ፣ ክሩ ከቦታው የሚሸሽ ጨርቅ ለመጋረጃ ይሁን። ሸማው በእጅ የማይነካውን የመደገፊያውን ጀርባ ሊለብስ ይችላል፤ የሚያምረውም እዚያ ነው። በነገራችን ላይ በሶፋ አናትና ክንድ ላይ የሚጣለው ዳንቴል ጊዜ ያለፈበት ጌጥ ተብሎ ቢናቅም የሚከላከለው ትክክለኛውን ቦታ ነው። ጨርቅ ቀድሞ የሚነትበው የጸጉር ቅባትና የእጅ ላብ በሚያርፍበት እዚያው ላይ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያንም ለጸጉር ቅባታቸው ሲሉ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ወንበራቸው ላይ ይጥሉ ነበር።

ብዙ ሰው አሮጌ ወንበር እንዳይገዛ የሚያደርገው ትኋን ነው፤ ፍርሃቱም አግባብ አለው። ትኋን ሳይመገብ ለወራት ይቆያል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበለጠ ይቆያልና የእንጦጦ ግርጌ ብርድ ለእሱ ምቹ ነው። ግን ይህ ተቃውሞ በጥሞና ቢታይ የሚቃወመው ወንበሩን እንዳለ ይዞ መግባትን ነው። ትኋን የሚደበቀው በጨርቁ ስፌት፣ በስፖንጁ ሥርና በመጋጠሚያው ስንጥቅ ነው። ወንበሩ ደጅ ላይ እስከ አጽሙ ከተገፈፈ፣ ግፋፊው ወዲያው በከረጢት ታስሮ ከተወገደ፣ ስንጥቁ ሁሉ በሚፈላ ውሃ ከተረጨና እንጨቱ በበጋ ፀሐይ በደንብ ከደረቀ መደበቂያው ጠፋ ማለት ነው፤ ተባዩም ሆነ እንቁላሉ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን የሚያልፍ ሙቀት ሲያገኘው ይሞታል። «ታጥቧል» ተብሎ ጨርቁ ሳይነሣ የተሸጠው ወንበር ይልቅ ያሰጋል። እንጨት ውስጥ የሚገባውን ብል በተመለከተ አሮጌ ቀዳዳ ብቻውን አያስደነግጥም። ወንበሩ አንድ ሌሊት በነጭ ወረቀት ላይ ቆሞ ጠዋት ከቀዳዳው ሥር ትኩስ ዱቄት ከተገኘ ግን ወደ ቤት አይግባ።

«አዲስ መግዛት ይረክሳል» የሚለው ክርክር ለአንዳንድ ዕቃ እውነት ነው። ኤል ሼፕ የሚባለውን ግዙፍ ሶፋ በቤት ለማደስ የሚነሣ ሰው ጨርቁ ብቻ ያስደነግጠዋል፤ የስፌቱም ብዛት ያታክተዋል። እኔ ይህን አልመክርም። አንድ ባለ ክንድ ወንበር ግን ወርዱ 140 ሴንቲ ከሆነ ጨርቅ አራት አምስት ሜትር ይበቃዋል፤ መቀመጫው ብቻ የሚለበስ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ደግሞ ከሜትር በታች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ ይታወሳል። የሶፋ ጨርቅም ሆነ የስፖንጅ ኬሚካል ከውጭ የሚመጣ ነውና የእድሳት ወጪም አብሮ መውጣቱን አልክድም። ነገር ግን አዲሱ ወንበርም ያንኑ ጨርቅና ያንኑ ስፖንጅ ለብሶ፣ በዚያ ላይ እንጨት፣ የእጅ ዋጋና ትርፍ ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ዋጋው ዝቅ ያለ ከሆነ ከእነዚህ ከአንዱ ተቀንሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቀነሰው ከማይታየው ነው።

ሥራው በቤት ይሠራል የምለው ከባዱ ክፍል ከሙያ ይልቅ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ነው። ግፈፋ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና አሮጌ ቢላ ይበቃዋል። ጨርቁ የሚነሣው በተለበሰበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ስለሆነ የገፈፈ ሰው እግረ መንገዱን አለባበሱን ይማራል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሳይቀደድ ወጥቶ «ፊት»፣ «ኋላ»፣ «ግራ ክንድ» ተብሎ በጠመኔ ከተጻፈበት ለአዲሱ ጨርቅ ልክ ሆኖ ያገለግላል። ጨርቁ ከፈይ ከሆነ ጸጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫም ይታይ፤ ሁለት ቁራጭ ተቃራኒ ከዞረ አንዱ ጠቆር ሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ለመጀመሪያ ሙከራ የሚመቸው መቀመጫው ከአጽሙ ተነሥቶ የሚለበስ ወንበር ነው። ስስ ስፖንጅ ላለው 50 በ50 ለሆነ መቀመጫ 70 በ70 ጨርቅ ይቆረጣል። ጨርቁ በፊቱ ተዘርግቶ ስፖንጁና ጣውላው ይደፋበታል። የመጀመሪያው ሚስማር በኋላው ጠርዝ መሐል ይመታል፤ ሁለተኛው ጨርቁ ሳብ ተደርጎ በፊቱ ጠርዝ መሐል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ፣ እንደዚሁ መሐል መሐሉን። አራቱም ለጊዜው እስከ ግማሻቸው ብቻ ይግቡ። ተገልብጦ ሲታይ የጨርቁ ክር ከጠርዙ ጋር ትይዩ ካልሄደ ነቅሎ ማስተካከል የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከመሐል ወደ ጥግ፣ በአንዱ ወገን ሁለት ከተመታ በፊት ለፊቱ ሁለት እየተመታ ይኬዳል። ጀማሪ የሚሳሳተው ከጥግ ስለሚጀምር ነው፤ ትርፉ ጨርቅ መሐል ላይ ይሰበሰብና መቀመጫው ይጨማደዳል። ጥጉ በመጨረሻ ይመጣል፦ የጨርቁ ሹል ጫፍ ወደ ውስጥ ተስቦ ይመታል፣ በሁለቱ ጎኖች የሚቀረው እጥፋት ተቀንሶ ከሥር ይደበቃል።

አንባቢ አንድ ነገር ሊያነሣ ይችላል፤ ሁሉም በየቤቱ ካደሰ «ሶፋ እናድሳለን» የሚል ወረቀት በየስልክ እንጨቱ ላይ የሚለጥፈው ባለሙያ ምን ሊበላ ነው? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከባለሙያው ማስቀረት አይቻልም። ወፍራም የሶፋ ጨርቅና አርቲፊሻል ሌዘር የቤት ሲንጀር መርፌ ይሰብራል፤ ባለ ክር ጠርዝ ትራስ ልምድ ያለው ሰፊ ይፈልጋል፤ የሽቦ ሞላ አስተሳሰር በአንድ ቅዳሜ አይለመድም። ለእነዚህ መክፈል ይገባል። ባለሙያውን የሚጎዳው፣ በእኔ ግምት፣ አጽሙን አይቶ የማያውቅ ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለው ደንበኛ ሁለት አዳሾችን የሚያወዳድረው በጠቅላላ ዋጋ ብቻ ስለሆነ መጋጠሚያ ከፍቶ ኮላ የሚቀይረው በአሮጌው ስፖንጅ ላይ አዲስ ጨርቅ ጎትቶ በሚሸኘው ይረታል። አንዴ በእጁ የገፈፈ ሰው ግን ወንበሩን ሲሰጥ ሁለት ነገር መጠየቅ ያውቃል፤ ጨርቁ ከመልበሱ በፊት አጽሙ ተጠግኖ እንዲያየው፣ አዲሱም ስፖንጅ ፊቱ እንዲመዘን። ይህን ያለ ማንገራገር የሚፈቅድ አዳሽ ከሌላው ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠራ አያስገርምም።